ትከሻና መቀርቀሪያ

ሽቦ የሚሉት ልጇ ትከሻው ሽቅብ ወደ ጆሮው መውጣቱን እናቱ ልብ ያለችው እጁ ከቆመ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ምንም አይጠቅምም ነበር።

እስከዚያ ድረስ ሁሉንም አሳምሮ ሠርቶ ነበር። በእርጥበት ያበጠውን በር በጉልበቱ ገፍቶ ገጠመው። ቁልፉን አዞረ፤ ደገመው። ከዚያ እጁ ከአናቱ በላይ ወዳለው መቀርቀሪያ ተነሣ። ከኋላው የቆመችው እናቱ አየር ሳበች። ቃል አልወጣትም፤ አንዲት ቃል እንደማትተነፍስ ብቻውን መቆለፉን ልታይ ለመጣችው ትልቋ ልጇ ምላላታለች። አየር ብቻ ነው የሳበችው። የሽቦ እጅ መንገድ ላይ ቀረ። ትከሻዎቹ ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው ተኮማትረው ወጡና አንገቱን ዋጡት፤ እንደዚያው ሆኖ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው እህቱ ከሶፋው ላይ ሆና።

«እኔ እንጃ።»

«በሩ ጋ ምን ልትሠራ ነበር የሄድከው?»

«እኔ እንጃ አልኩሽ እኮ! መርማሪ ሆንሽ እንዴ?» እጁን አወረደና እየተነጫነጨ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

እህትየው ወደ እናቷ ዞረች። «በቃ፤ አየሽው። ነገ ጠዋት ወደ ማገገሚያ ማዕከሉ ይዤው እሄዳለሁ።»

ሽቦ የሠፈር ስሙ ነው። ገና በልጅነቱ የተቃጠለ ሶኬትና የተበጠሰ ገመድ ሲፈታታ ያደገ፣ በኋላም በዚያው ራሱን የቻለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እናቱ «ነበር» ማለት አትወድም። ባለፈው ዓመት ተራ ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት አንጎሉ ላይ ወጣና ሆስፒታል አስተኛው። ሲነቃ ሁሉንም ሰው ለየ። ቀልዱም ነገረኛነቱም እንዳለ ነበር። የጠፋው አዲስ ነገር የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ምሳውን በልቶ ብዙም ሳይቆይ «ዛሬ ምሳ የለም?» ይላል። መታመሙን በየጠዋቱ ይነግሩታል፤ በየጠዋቱ እንደ አዲስ ይደነግጣል።

እናትየው ደግሞ ማታ ማታ ነው የምትሠራው። የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። አንድ ቀን እሷ ሥራ ላይ ሳለች ሽቦ በሩን ገርበብ እንዳለ አየው፤ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ድሮ መስመር የዘረጋበት ቤት ሄዶ ደወሉን ሲደውል አዲሶቹ ባለቤቶች ሌባ መሰላቸው። ከንፈሩን ሰንጥቀው ነው የለቀቁት። በማግስቱ መስታወት ፊት ቆሞ «ማነው እንዲህ ያደረገኝ?» ሲላት እናቱ ከንፈሩን በጨው ውሃ ጠረገችለት። መደብደቡን ዛሬም አያውቅም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አጥር በኩል ሊያልፉ ሲሉ መንገዱን ይሻገራል። ለምን ብትለው «ፀሐዩ» ይላል። ደመና ቢሆንም «ፀሐዩ» ይላል።

«ከውጭ ቆልፈሽበት ሂጂ» የሚሏት አልጠፉም። አንዴ ሞክራው ሥራ ቦታዋ ሳትደርስ ተመለሰች። መንገድ ላይ ቤቱ በእሳት ሲያያዝ፣ ልጇ በሩን ሲደበድብ፣ ቁልፉ እሷ ኪስ ውስጥ ሲንቀጫቀጭ ቁልጭ ብሎ ታይቷት ነበር።

በኋላ መላ ያመጣው የማገገሚያ ባለሙያው ነው። ሽቦ እንዲገባው በራሱ ሙያ አስረዳው።

«አንጎል ውስጥ የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚላላኩበት አንድ መስመር ብቻ አይደለም ያለው። ዛሬ የሆነውን ነገር ይዞ የሚያቆየው መስመርህ ተቃጥሏል። ልማድ የሚሠራው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ደህና ነው። ፍርሃት የሚማረውም ደህና ነው።»

«በጄኔሬተር ነው የምትሠራው በለኛ» አለ ሽቦ። ሦስቱም ሳቁ።

«እንዲያ በለው። አንድን ነገር በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ደጋግመህ ከሠራኸው፣ መማርህን ባታስታውስም እጅህ ይማረዋል። መልእክቱ በተመላለሰ ቁጥር በሴሎቹ መካከል ያለው ግንኙነት ይጠነክራል።» ከዚያ ወደ እናትየው ዞረ። «ማታ በሩን ራሱ ይቆልፍ፤ ቀጥሎ ወደ አልጋው ይሂድ። ሲለምደው መቀርቀሪያውን መወርወር ማለት ለእሱ ቀኑ አለቀ ማለት ይሆናል፤ መውጣት አያምረውም። ግን ይጠንቀቁ፤ ያ መስመር ትክክልና ስህተት አይለይም። የተደጋገመውን ሁሉ ነው የሚይዘው።»

እናትየው የተባለችውን በምታውቀው መንገድ አደረገችው፤ በፍርሃት። ለወራት ከኋላው ቆማ አስተማረችው። እጁ ከዘገየ «ምን ሆንክ?» ከፈጠነ «ኧረ ቀስ!» መቀርቀሪያውን ሊነካ ሲል «ረሳኸው! አሁንም ረሳኸው!» መጀመሪያ በለሆሳስ ነበር፤ እያደር ጩኸት ሆነ። ለሥራ ስትወጣም ከውጭ ሆና በሩን እየደበደበች ታዘዋለች። መቀርቀሪያው ጠቅ ማለቱን ሳትሰማ፣ ከዚያም በሩን ገፋ አድርጋ ሳታረጋግጥ ደረጃውን አትወርድም። ስለዚህ ያለ እሷ ሲቆልፍ ሰምታው አታውቅም።

«አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክር» አለች አሁን፤ ጣቶቿን እያፍተለተለች። «አንቺን አይቶ ነው የደነገጠው።»

«እኔን? እኔ ከተቀመጥኩበት ተነቃንቄያለሁ?»

«አንቺ ከመጣሽ ቤቱ ፍርድ ቤት ነው የሚመስለው።»

«ይምሰላ! አንድ ሰው መፍረድ አለበት። እማዬ፣ ከማገገሚያ ማዕከሉ ደውለው አልጋ ተለቋል ብለዋል። ነገ ካልደረስን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«እዚያ እኮ አስረው ነው የሚያስተኟቸው አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰዎች ናቸዋ።»

«እነዚያ ሰዎች የምትያቸው አንቺ ራስሽ ነሽ! ሌሊት ሙሉ ታስቢና ጠዋት ተባለ ትያለሽ።» ልጅቷ ተነሣች። «እኔን ምን እንዳደረግሽኝ ታውቂያለሽ? ልጅ ሳለሁ የምንሄድበት ያ ወንዝ ጉልበቴን እንኳ አይሸፍንም ነበር። እግሬን በነከርኩ ቁጥር እሪ ትያለሽ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ከልጆቼ ጋር መዋኛ ሄጄ፣ ወንበር ይዤ ፎጣ እጠብቃለሁ። ውሃ አስጥሞኝ አያውቅም፤ ያሰጠመኝ የአንቺ ጩኸት ነው።»

«ውሃ እንዳይወስድሽ ብዬ ነዋ!»

«አልወሰደኝማ!»

«ስለጮኽኩ ነው ያልወሰደሽ!»

ሽቦ ከወንበሩ ቀና አለ። «እናንተ ሰዎች፣ ምንድን ነው የምትጫረቱት? ዋጋው ከወረደ እኔም አለሁበት።»

እህቱ ሳትወድ ሳቀች። ሳቋን ግን ቶሎ ሰበሰበችና አጠገቡ ሄዳ ቁጢጥ አለች። «ሽቦዬ፣ መቀርቀሪያው ጋ ስትደርስ ምን ይሰማሃል?»

«የቱ መቀርቀሪያ?»

«የበሩ። ተወው እሺ። እማዬ ከኋላህ ስትቆምስ?»

ለዚህኛው መልስ አልጠፋውም። እናቱን አየ፣ ዓይኑን ሰበረ፣ መልሶ አየ።

«ይይዘኛል» አለ። «እንደ ኮረንቲ። የሆነ ነገር አድርጋኛለች እንዴ? አንድም ቀን ነክታኝ አታውቅም እኮ።» ዕቃ እንደተሰረቀበት ሰው ኪሱን ዳበሰ። «እኔ እንጃ፣ እማ... ከኋላዬ አትቁሚ።»

እናትየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እጇ የምግብ ጠረጴዛውን ጠርዝ ፈልጎ ያዘ።

«ፀሐዩ» አለች በልቧ።

ባለሙያው ከተናገረው ሁሉ ስለ ልማዱ ያለውን ለጎረቤት ሳይቀር አውርታለች። ፍርሃት የሚማረውም ደህና ነው ያለውን ግን እንደ ተጨማሪ የምሥራች ቆጥራ ነበር ያለፈችው፤ ከልጇ ጭንቅላት ውስጥ አንድ ደህና የቀረ ነገር ተገኘ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ያ ደህናው መስመር ይህን ሁሉ ጊዜ ሥራ አልፈታም። የተደበደበባትን ቤት በአንድ ቀን ተማራት። እናቱን ማታ ማታ ተማራት።

ልጅቷ የእናቷ ፊት ሲለዋወጥ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ አልለሰለሰችም ግን። «ልብሱን የት ነው የምታስቀምጪው? ሻንጣ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ቆይ።»

«ደግሞ ምን?»

«ቆይ አልኩሽ! የእኔም ቤት ነው።» የሥራ ጋውኗን ከመስቀያው አወረደች። አንዱን ቁልፍ ባንዱ ቀዳዳ አዛንፋ ቆለፈችው፤ አልመለሰችውም። «የሥራ ሰዓቴ ደርሷል። ስወጣ ይቆልፈው። አንቺ ከሶፋው እንዳትነሺ፤ እንዳትናገሪው፤ ዓይንሽንም አትትከይበት።»

«አንቺስ?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«መቼ ሄደሽ ታውቂያለሽ? በር ላይ ቆመሽ እንደ ወታደር አዛዥ...»

«ካልቆለፈ ልብሱን ነገ በእጄ አጥፌ ሻንጣሽ ውስጥ እከትልሻለሁ። ከቆለፈ ደግሞ ሻንጣሽን እንዳመጣሽው ባዶውን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ስለዚያ ማዕከል ከዚህ በኋላ አታንሺብኝ።»

ልጅቷ «እሺ» አለች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሽቦ፣ ልሄድ ነው።»

«የት?»

«ሥራ።»

«ማታ ማታ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ፤ ግን ዓይነቱን አልነግርሽም» አለ፤ ሁልጊዜ እንደሚላት። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጀርባውን መታ አላደረገችውም። በጎኑ አልፋ ወጣች።

በሩን ከኋላዋ መለስ አደረገችው። ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ቡጢዋ ሳታዘው ተጨብጦ ወደ እንጨቱ ተነሥቷል። ከወዲያ በኩል የልጇ ትንፋሽ ይሰማታል፤ እሷ የቆመችበት ቦታ አጠገብ፣ አንድ እንጨት ብቻ በመካከላቸው። አልቆለፈም። ይጠብቃል። ትከሻው አሁን የት እንደደረሰ ሳታየው አወቀችው።

ዓይኗ ፊት ነገሮች ተሰለፉ። ሳይቆልፍ ይቀራል። ሻንጣው ይሞላል። እዚያ እግሩን ከብረት አልጋ ጋር ያስሩታል፤ ልጅቷ ሁለት እሑድ ትጠይቀውና ሥራ ይበዛባታል። ወይም እዚሁ ይቀራል፣ በሩ ይረሳል፣ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል፣ በዚህኛው ጊዜ ከንፈር ብቻ አይሆንም። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ቁልፉን!» ብትለው ያዞረዋል፤ ትከሻው እንደተኮማተረ፣ ግን ያዞረዋል።

ቡጢዋን አወረደች።

ጫማዋን ሆን ብላ እያስጮኸች ወደ ደረጃው ሄደች፤ መሄዷን ይስማ። አንዱን ደረጃ ወረደች፣ ሌላውን። ከላይ ያበጠው እንጨት በጉልበት ሲገጠም ተሰማ። ቁልፉ ዞረ። ደግሞ ዞረ።

መቀርቀሪያው ቀረ።

የደረጃውን ብረት ጨበጠች። ጠቅታው አልመጣም። «ረሳው» አለ በውስጧ ያ ድምፅ፤ ከምላሷ ሥር መጥቶ ጥርሷን ገፋ። ሌላኛውን መዳፏን አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። አንድ ጎረቤት በር ከፍቶ አያትና መልሶ ዘጋ።

መመለስ ትችላለች። ገና ሩቅ አይደለችም። ከፍ ያለ ድምፅ እንኳ አያስፈልጋትም፤ ኮሪደሩ ራሱ ያስተጋባዋል። እግሯ ወደ ላይ ሊዞር ሲል መለሰችውና ወደ ታች አስቀመጠችው። እንደገና ወደ ታች። መዳፏ ከአፏ ሳይወጣ፣ ወደ ላይ ሳትመለከት፣ የሚቀጥለውን ደረጃ ወረደች።

ከላይ መቀርቀሪያው ጠቅ አለ።