ከውስጥ ሰው አለ?

ክፍሉ «አዎ» ሲል አፉን አይከፍትም። ቅንድቡን ከፍ፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፤ በቃ፣ መለሰ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሎስ አንጀለስ ግን ሌላ አገር ነው። በመጣ በዓመቱ ዌስትውድ ባለው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ መምህር አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ ሦስቴም ትንፋሹን ሲስብበት አስም ያለበት መስሎት ክሊኒክ ላከው። ሚስቱ ኤልፍነሽ ይችን ወሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራታለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ለፈረንጅ በአፍህ መልስ! ትንፋሽህን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ» ትለዋለች።

እሱስ ምን ብሎ ይመልስላታል? ትንፋሹን ሳብ ነዋ።

ክፍሉ በመንግሥት ስኮላርሺፕ የመጣ ተማሪ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ስኮላርሺፑ ቆመ፣ ስኮላርሺፑ ሲቆም ትምህርቱ ቆመ፣ ትምህርቱ ሲቆም ቪዛው ሞተ። ፓስፖርቱም ዘውድ እንዳለበት ጊዜው አለፈ። ኤምባሲ ሄዶ እንዳያሳድስ፣ በተማሪነቱ ሰልፍ ላይ ይዞት የቆመውን ፀረ ደርግ መፈክር የማያውቅ የለም። አገሩ እንዳይገባ፣ ታናሽ ወንድሙን ባለፈው ዓመት ከቤት ወስደውት እስከ ዛሬ የት እንዳደረሱት አልታወቀም። እዚህም ቢሆን መኖር አይፈቀድለትም። ወደፊትም ወደኋላም የማይባልበት ቦታ ቆሞ፣ ያለችው አንዲት ኤልፍነሽ ነበረች። እሷም የሆስፒታል ረዳት ሆና የምትሠራው ገና ሦስት ዓመት በሚቀረው የራሷ የተማሪ ቪዛ ነው፤ ለሱ አይተርፍም።

ሥራ ያገኘው ፌርፋክስ ካለው አፓርትማቸው አንድ ሰዓት ድራይቭ አድርጎ በሚደርስበት አንድ ትንሽ ኤርፖርት ነው። ያኔ በቀን አራት አውሮፕላን ቢመጣ ነው። ሻንጣ መጫንና ማውረድ፤ ወረቀት የጠየቀው ሰው አልነበረም። አለቃው ራሞን ነበር፣ ሆዱ ትልቅ፣ ልቡ ከሆዱም የሰፋ። ራሞን ሰው ሲያናግር ፊት ያያል። በሁለት ሳምንት የክፍሉን ትንፋሽ ለመደና እሱም ይቀልድበት ጀመር። ስሙን አሳጥሮ «ኬፍ፣ ጨረስን?» ሲለው ክፍሉ ትንፋሹን ሳብ፣ ራሞንም መልሶ ሳብ፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

ታዲያ ኤርፖርቱ አደገ። እድገት የሚጠላ ማን አለ! ማኮብኮቢያው ተረዘመ፣ አዲስ ተርሚናል ተሠራ፣ በፈረንጆቹ 1978 ጸደይ ላይ ደግሞ በሩ ላይ ካለው ስም ጎን «ኢንተርናሽናል» የሚል ቃል ተለጠፈ። ሪባን ተቆረጠ፣ ኬክ ታደለ። ክፍሉም አጨበጨበ፣ ሁለት ቁራጭ በላ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እኮ ለሌላ አይደለም! ኢንተርናሽናል ማለት ወደ ሜክሲኮ በረራ ማለት ነው፤ ወደ ሜክሲኮ በረራ ማለት ደግሞ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ማለት ነው። በሳምንቱ ዩኒፎርም የለበሱ አምስት ሰዎች ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ክፍል ገብተው ቁጭ አሉ። ሲሸሸው የኖረው ነገር መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጥቶ አጠገቡ ሳንድዊች ይበላል!

ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ምሳውን መኪናው ውስጥ መብላት ጀመረ። ኤልፍነሽ የሰጠችውን ሰማያዊ ምሳ ዕቃ የትም ጥሎት አይሄድም፤ የሚጭንበት አውሮፕላን ሥር ድረስ ይዞት ይዞራል።

«ተወው ይሄን ሥራ» አለችው።

«ትቼስ የት ልግባ? ሌላ ቦታ ስገባ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ወረቀት ነው። እዚህ ቢያንስ ረስተውኛል።»

ራሞንን ወደ ካርጎው ክፍል አዛወሩት። በሱ ቦታ ዴኒስ የሚባል ወጣት መጣ። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ግን ዓይኑ ከእጅ ሰዓቱ አይነሳም። በፊት አንድ አውሮፕላን ለመጫን አርባ አምስት ደቂቃ ነበራቸው፤ አሁን ሃያ አምስት ሆነ። ማንም የማንንም ፊት የሚያይበት ጊዜ የለም።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው የጓዳላሃራ በረራ ዘገየ። አስፋልቱ እንደ ምጣድ ግሏል። ክፍሉ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ፣ የዕቃ መጫኛው ጥግ ድረስ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሻንጣዎቹን በመረብ ያስራል። ዴኒስ ከታች፣ ፊቱ ወደ ሰዓቱ፣ ጮኸ፦

«ከውስጥ ሰው አለ?»

ክፍሉም መለሰ። ቅንድቡን ከፍ፣ ትንፋሹን ሳብ። አዎ፣ አለ።

በሩ ተዘጋ።

መጀመሪያ የመሰለው ቀልድ ነው። ጨለማው ዓይኑ ላይ ሲከመርበት ግን ገባው። በዳበሳ ወደ በሩ ተሳበ። በዚያ በር ከውስጥ በኩል የሚጨበጥ ነገር የለም፤ ሻንጣ በር ከፍቶ አይወጣማ! ቡጢውን ጨብጦ ሦስት ጊዜ ደበደበ፤ አራተኛውን ሊያሳርፍ ሲል እጁ በአየር ላይ ቀረ።

ቢከፍቱለት ማን ነው የሚከፍተው? ወደ ውጭ አገር ሊበር ከተዘጋ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ሰው ወጣ ከተባለ፣ የሚመጡት እነዚያ አምስቱ ናቸው። ስምህ? ወረቀትህ? ከዚያ አዲስ አበባ፤ ወንድሙን የወሰዱት ሰዎች ዘንድ። ዝም ቢልስ? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ዝም ካለ ደግሞ፣ በሕይወት ከደረሰ፣ ጓዳላሃራ ነው የሚወርደው። የሞተ ፓስፖርቱ እንኳ ያለው ፌርፋክስ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ማን መልሶ ያስገባዋል? በዚህም በዚያም ኤልፍነሽን አጣት ማለት ነው። ሻንጣ ላይ ዘጭ አለ። ፈራ። በሕይወቱ እንደዚህ ፈርቶ አያውቅም፤ ከበሩ ይልቅ ደግሞ በሩን የሚከፍተውን ሰው መፍራቱ አናደደው።

ከላዩ የተሳፋሪዎች ኮቴ ይሰማዋል፤ አንድ ሕፃን ይሮጣል። ወዲያው ሞተሩ ተነሳ። ወለሉ ሥሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሐሳብ የሚባለው ሁሉ ከጭንቅላቱ ጠፋ። «ኤልፍዬ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው ጠፍቶ ሚስቱን። በሩን በቡጢ፣ በእግሩ፣ በሰው ሻንጣ ደበደበው፤ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ። በአፉ ነበር የጮኸው፣ በሙሉ አፉ! ሞተሩ ግን ድምፁን ዋጠው። አውሮፕላኑ ነቅነቅ አለና መሄድ ጀመረ።

ከዚያ ቆመ። በድንገት፣ ሻንጣው ሁሉ ወደ ፊት እስኪንሸራተት።

ኋላ እንደሰማው፣ ራሞን የካርጎውን ጋሪ እየነዳ ሲያልፍ ሰማያዊውን ምሳ ዕቃ የሻንጣ ማመላለሻው ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ አየው። «ኬፍ የታለ?» ሲል ዴኒስን ጠየቀ። «ሄዷል መሰለኝ።» «ምሳ ዕቃውን ጥሎ? ኬፍ?» አለና ሌላ ቃል ሳይጨምር፣ ያን ሆዱን ይዞ አውሮፕላኑ አፍንጫ ፊት ሮጠ፤ ሁለት እጁንም ከጭንቅላቱ በላይ አመሳቀለ፣ ቁም ማለት ነው። ፓይለቱ ፍሬን ያዘ።

በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው። ራሞን አቅፎ አወረደው። ዴኒስ ፊቱ ነጭ ወረቀት መስሏል። «ጠየቅኩህ እኮ! ለምን አልመለስክም?» ይላል፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«መልሻለሁ» አለ ክፍሉ። እውነቱን ነው።

እንደፈራውም ሆነ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከአምስቱ አንዱ መጣ፣ ሽበት ያለው ጨዋ ሰው። አዲሱ ተርሚናል ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ክፍል አስገባው፣ ወንበር ሰጠው፣ ውሃ ቀዳለት። ቢሰድበው ኖሮ ይሻለው ነበር። ራሞን በሩ ጋ ቆሞ ነበር።

«አይዞህ፣ ፎርማሊቲ ነው። የውጭ አገር በረራ ስለሆነ ሪፖርት መጻፍ አለብኝ» አለ ሰውየው። ስም ጻፈ። አድራሻ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ጠየቀው።

«እዚህ አገር ለመሥራት የሚያስችል ወረቀት አለህ?»

ክፍሉ ራሞንን አየ። ራሞን መሬት መሬቱን ያያል። ያኔ ክፍሉ፣ ኤልፍነሽ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደመከረችው፣ ለፈረንጁ በአፉ መለሰለት።

«የስ» አለ፣ ጥርት አድርጎ።

ሰውየው ጻፈው። «ኦኬ። ሰኞ ጠዋት ይዘኸው ና» አለና ፈገግ ብሎ እጁን ጨበጠው።

እውነቱን ሲናገር የሰማው የለም፤ ሲዋሽ ግን መዝገብ ላይ ገባለት። አይ የሰው ነገር!

ፌርፋክስ ደርሶ መኪናውን ፓርክ ካደረገ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልወረደም። የመኪናው በር ከውስጥ ሲከፈት ገረመው፤ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ሲገባ ኤልፍነሽ ለሥራ የምትለብሰውን ነጭ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ያለፈውን ሁሉ ነገራት። ወሬው በሩ የተዘጋበት ጋ ሲደርስ ሳቀች፣ «እኔ ምን ብዬህ ነበር!» ብላ ትከሻውን መታችው። ስሟን እንደጠራ ሲነግራት ሳቋ ቆመ። ካውያውን ነቀለች።

«ሶ... ወረቀት ጠየቁህ?»

ትንፋሹን ሳብ አደረገ።

«አለኝ አልካቸው?»

አሁንም ሳብ።

ኤልፍነሽ የተተኮሰውን ልብስ አነሳች፣ አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። መንገድ ላይ የሚያልፈው አውቶቡስ መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

«ክፍሉ፣ ከሰኞ በኋላም አብረን ነን አይደል?»

ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ትንፋሹንም ሳብ አደረገ፣ እንደ ወትሮው፣ ጥርት ብሎ በሚሰማ አኳኋን።

«አልሰማሁህም» አለችው። «በአፍህ መልስልኝ።»