ከታች የቀረችው መስመር

ሰፈርተኛው በሙሉ «ጋሽ ብሩሽ» ይላቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የሱቅና የመጋዘን ማስታወቂያ ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ወዲያው ሚስታቸው ሞተችና ቤቱ ጭር አለባቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ተነስተው ጺማቸውን የሚላጩት ለጠጋኞቹ ማኅበር ሲሉ ብቻ ነበር።

ማኅበሩ በመሰብሰቢያ አዳራሹ የጓሮ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን የተሰበረ ዕቃ በነፃ ይጠግናል። አናጺው ወገቡን ታሞ ተኛ፣ ሬዲዮ ሠሪው ሰፈር ቀየረ፤ የቀሩት ልብስ ሰፊዋና ጋሽ ብሩሽ ናቸው። የአዳራሹ ኃላፊ መጥቶ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ አሥር ባለሙያ ካልተመዘገበ ክፍሉ የወንበር ማከማቻ እንደሚሆን ነገራቸው።

«ማስታወቂያውን ለኔ ተዉት» አሉ ጋሽ ብሩሽ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

አንድ አሮጌ የበር ሳንቃ አጋደሙና በቀይ ቀለም፣ ስንዝር በሚያህል ፊደል፣ «የተሰበረ ሁሉ በነፃ ይጠገናል» ብለው ጻፉ። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰላችሁ! በእርሳስ ሳይለካ ብሩሽ ያነሳውን ተማሪ ሁሉ ጆሮውን ሲቆነጥጡ የኖሩ ሰው፣ እጃቸው ስለናፈቀው ራሳቸው ሳይለኩ ጀመሩ። ታች ሲደርሱ የቀረው ቦታ ጣት አይሞላም። «ሙያ ያላችሁ ኑ፣ አብራችሁን ሥሩ» የምትለውን እዚያ አጨናንቀው ወሸቋት። ልብስ ሰፊዋ ፈራ ተባ እያለች የታችኛዋ እንደማትታይ ብትነግራቸው፣ ማንበብ የፈለገ ያነባል ብለው አፏን አስያዟት።

ሳንቃው በአዳራሹ በር ላይ ተሰቀለ፤ ቅዳሜ ሰልፉ እስከ መንገድ ደረሰ። ጋሽ ብሩሽ በመስኮት ሲያዩ ልባቸው በደስታ ዘለለ። ሰዎቹ ቀረብ ሲሉ ግን አንዱ ካውያ ይዟል፣ አንዷ ዚፑ የተበጠሰ ጃኬት፣ ሌላው እግሩ የተነቀለ ወንበር። የመመዝገቢያው ደብተር እንደተገዛ ንጹህ ነው።

አግዳሚው ላይ ወጥተው፣ ከመሀላችሁ እጁ ሥራ የሚያውቅ የለም ወይ ብለው ጠየቁ። ባለወንበሩ ሰውዬ እጁን አወጣ።

«እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ በር ሳልፍ ነበር፤ ሰው እንደምትፈልጉ ግን ማን ነገረኝ? የሥራ ጓደኞቼን ይዤ እመጣ ነበር እኮ።»

ጋሽ ብሩሽ ኩምሽሽ አሉ። ሰውየው በቅንነት ተመዘገበ፤ ሌላ እጅ ግን አልወጣም። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቀ። ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ አንዷን ስም አየና፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው በከንቱ እንዳይመላለስ በሩ ላይ አንድ ነገር እንዲጽፉለት ለመናቸው።

ጋሽ ብሩሽ ሳንቃውን ገለበጡት። በዚህኛው ፊት በእርሳስ ለኩ፤ ግራ ቀኙን አስተካከሉ፤ መስመር አሰመሩ። «ጥገናው ቆሟል» ብለው ሲጨርሱ ፊደሉ ሁሉ ቦታው ልክክ ብሎለት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ የቀለሙን ጣሳ እንደያዘች በቀስታ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ታዲያ የት ልምጣ?»

ጋሽ ብሩሽ የጸዳውን ብሩሽ በጨርቅ ደጋግመው ይጠርጉት ጀመር።