ለአሮጌው ሌንስ የተገኘው ፊልትሮ

ሙሄዲን ከወሎ መጥቶ አስመራ ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ ማንሳት ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በ1958 ዓ.ም. ክረምት፣ ቃሓውታ ሰፈር ሻሂ የምትሸጠው የአገሩ ልጅ ረሒማ አንድ ፍሬም በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ከሟች አባቷ የቀራት ምስል እሱ ብቻ ነው። ጣሪያ አፍስሶበት ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል።

«ላላቅቀው ብል ፊታቸው ተልጦ ይቀራል» አላት።

«እንግዲያው ከነመስተዋቱ አንሣልኝ፣ በአላህ።»

ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስቴም የገዛ መስኮቱ በሽማግሌው ግንባር ላይ ነጭ ሆኖ ወጣ። ነጸብራቅ የሚያጠፋ፣ ሌንስ ላይ የሚገጠም ፊልትሮ የሚሉት መስተዋት እንዳለ ሰምቷል፤ ግን ካሜራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ነው፣ የሚገጥመው ከየት ይገኛል? ይዞት ካሜራ ጠጋኙ ረዳኢ ዘንድ ሄደ።

ረዳኢ ሙያውን ጣሊያኖች ዘንድ የቀሰመ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። መሳቢያውን ጎትቶ ይሞክርለት ጀመር። የመጀመሪያው ፊልትሮ ሰፋ። ሁለተኛው ልክ መሰለ፤ ሙሄዲን ደስ ብሎት ሊያጠብቀው ሲል ረዳኢ እጁን ያዘው።

«ኣይኮነን! ይሄ አይደለም። ወርዱ አንድ ነው፣ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ግን ሌላ። በግድ ካስገባኸው ሌንስህን ይበላዋል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦለት ዝም ይል ነበር። ሦስተኛው ጥርስ የለውም፤ ከላይ ተሰክቶ በትንሽ ብሎን ይጠብቃል። ጥቂት ቢላላ ረዳኢ ከወገቡ ቀበቶ ጫፍ ስስ ቆዳ ቆርጦ ዙሪያውን አለበሰው።

«ሌንሱ ሲስተካከል የፊት አፍንጫው ይዞራል፣ ፊልትሮውም አብሮት። ስለዚህ መጀመሪያ ምስሉን አጥራ፣ ከዚያ ፊልትሮውን አዙር። ፊት ለፊት አትቁም፣ ትንሽ ጎን በል። ብርሃን ስለሚቀንስ ሌንሱን አራት እጥፍ ጊዜ ክፍት አቆየው። ሕራይ? ገባህ?»

ሙሄዲን እየሮጠ ተመለሰ፤ እንደተባለውም አደረገ። ፊልትሮውን ቀስ እያለ ሲያዞር መስኮቱ ከሽማግሌው ግንባር ላይ ፈዘዘ፣ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ።

አጥቦ ሲሰጣት ረሒማ ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከጥምጥማቸው ሥር ቀጭን ጠባሳ ይታያል።

«በቅሎ የረገጠቻቸው ናት! ረስቻት ነበር እኮ።» ሙሄዲን ስለ ረዳኢ ሲነግራት እንባዋን ጠርጋ «ያን ሰው አሳየኝ» አለችው።

ከሙሄዲን ጋር ረዳኢ ሱቅ ደርሳ ሁለት እጁን ያዘች። «አላህ ዓይንዎን ያኑርልዎ፤ እጅዎ ይባረክ!»

ረዳኢ የሚገባበት ጠፋው። «የቐንየለይ፣ ሓፍተይ፤ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። እኔ እኮ ቆዳ ብቻ ነው የቆረጥኩት።»

ሙሄዲን ያን ዕለት በጥድፊያ ሳያመሰግን መሄዱ አሁን ትዝ አለው። ባርኔጣውን አውልቆ እሱም ጎንበስ አለ።