ማን ጣለሽ?

ሊዲ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አሁንም ፍራሽ ላይ ትሸናለች። ጠዋት ጠዋት አበዛሽ ፍራሹን አውጥታ አጥሩ ላይ ታሰጣዋለች። አዳማ ፀሐይ ስለማይጠፋ እስከ ምሳ ሰዓት ይደርቃል። ግን ግቢው የጋራ ነው፤ ያላየ ጎረቤት የለም።

«ዛሬም በእናንተ በኩል ዘነበ?» ትላለች ከሪማ፣ በሯ ላይ ቆማ ጥርሷን እየፋቀች።

የሊዲ እናት ሰብለወንጌል ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፍታ ወደ ሥራ ትሄዳለች። የምትሠራው ሞጆ፣ አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። ጠዋት ትወጣለች፤ የምትመለሰው ልጇ ልትተኛ ስትል ነው። ባሏ ማስረሻ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ልጅቷን ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት የማስረሻ የአጎት ልጅ አበዛሽ ናት። አላገባችም፤ ሌላ ቤትም የላትም። ከሊዲ ጋር ትተኛለች፤ የመስጊዱ አዛን ሲሰማ ቀስቅሳ ፖፖ ላይ ታስቀምጣታለች። አንዳንድ ቀን ትደርሳለች፤ አንዳንድ ቀን ትቀደማለች።

«ይለቃታል፣ ሰብልዬ» ትላለች። «ማስረሻም እስከ ሦስተኛ ክፍል እንዲሁ ነበር።»

ሰብለወንጌል ይህን መስማት አትወድም። በሽታ ከሆነ መድኃኒት ይገኝለታል፤ ከዘር ከመጣ ግን ምን ይደረጋል?

የወጌሻውን ነገር ያመጣችው ከሪማ ናት። «ሞጆ ጋሽ ጀቤሳ የሚባሉ አሉ። የእህቴን ልጅ ያዳኑት እሳቸው ናቸው። የወገብ አጥንት ሲዛነፍ ፊኛውን ይጫነዋል፤ ሌላ አይደለም።»

ቅዳሜ ሰብለወንጌል፣ ሊዲና ከሪማ አብረው ሄዱ። ጋሽ ጀቤሳ ክንደ ወፍራም ሽማግሌ ናቸው። እጃቸው የታሰረ፣ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። «አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቁና፣ ሊዲን በሆዷ አስተኝተው ጀርባዋን ቅባት ቀቧት። አውራ ጣታቸው ወገቧ ላይ ሲያርፍ ሊዲ ጮኸች።

«ይኸው አገኘሁት። መቼ ነው የወደቀችው?»

«ወድቃ አታውቅም» አለች ሰብለወንጌል።

«አጥንት ዝም ብሎ አይዛነፍም፣ ልጄ። የጣላት ሰው አለ።» እንደገና ተጫኑ። «ማን ጣለሽ፣ ሚጡዬ? ንገሪኝና እተውሻለሁ።»

ሊዲ ምንጣፉን ነክሳ አለቀሰች። «አበዝዬ» አለች። «አበዝዬ ናት።»

ጋሽ ጀቤሳ እጃቸውን አነሡ። «ያሳደገቻት ናት» አለች ከሪማ። «አዝላት ሳለ ጥላት ይሆናል» አሉ ሽማግሌው። «ሕፃን ምን ብሎ ይዋሻል?»

ሰብለወንጌል ቤት እንደገባች አበዛሽ ፊት ቆመች። ከዚያ ቀን በፊት እትዬና እርስዎ እንጂ አንቺ ብላት አታውቅም።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምኑን?»

«ልጄን መጣልሽን።»

አበዛሽ ወደ ሊዲ አየች። ሊዲ ፊቷን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ቀበረች።

«ልጅ ናት» አለች አበዛሽ ቀስ ብላ። «አሟት ነው የተናገረችው።»

«ልጄን ውሸታም ልታደርጊያት? ሕፃን ምን ብሎ ይዋሻል?»

ማስረሻ ከመንገድ ላይ በስልክ ተጠየቀ። «እንደመሰለሽ አድርጊ» አለ።

በማግስቱ አበዛሽ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ፣ ቡልቡላ ወዳለች አንዲት የእናቷ ዘመድ ሄደች። በሩ ላይ ቆም ብላ፣ «አዛን ሲል ቀስቅሻት» አለች።

«ወገቧ ተቃንቷል» አለች ሰብለወንጌል፤ በሩንም ዘጋች።

እውነትም ሊዲ ለጥቂት ቀናት አልሸናችም። ጀርባዋ በልዞ ስለነበር፣ በተገላበጠች ቁጥር ሕመሙ ይቀሰቅሳታል። ሰብለወንጌል ከቢሮ ፈቃድ ወስዳ ልጇን ራሷ መያዝ ጀምራ ነበርና፣ ደስ ብሏት ከሪማን ጠርታ ደረቁን አንሶላ አሳየቻት። ብልዘቱ ሲጠፋ ግን ሊዲ እንደ ድሮዋ ድብን ብላ መተኛት ጀመረች። አሁን የሚቀሰቅሳት ስለሌለ ፍራሹ በየቀኑ አጥር ላይ ዋለ።

እንደገና ሦስቱም ወደ ሞጆ ሄዱ።

«አጥንቱ ከእኔ እጅ ተቃንቶ ነው የሄደው» አሉ ጋሽ ጀቤሳ፣ ቅባታቸውን እየከፈቱ። «እንደገና ተጥላለች ማለት ነው። አሁን ማን ጋ ነው የምትውለው?»

«እኔ ጋ» አለች ሰብለወንጌል። «ከእኔ በቀር ማንም አይነካትም።»

ከሪማ ቀና ብላ አየቻት።

አውራ ጣቱ የቀድሞ ቦታውን ያዘ። «ማን ጣለሽ፣ ሚጡዬ?»

ሊዲ በዚህ ጊዜ አልጮኸችም። ጣቱ እንዲነሣላት ምን ማለት እንዳለባት ታውቃለች።

«ማሚ» አለች ቶሎ ብላ።

ተራ ጠባቂዎቹ ወደ ሰብለወንጌል ዞሩ።

«ልጅ ናት» አለች ሰብለወንጌል። «አሟት ነው የተናገረችው።»

ጋሽ ጀቤሳ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ቀጣዩን ሰው ጠሩ።

ወደ አዳማ የሚሄደው ሚኒባስ በር ላይ ሲደርሱ ከሪማ ሊዲን ከእናቷ እጅ ወሰደቻት።

«እኔ ልያዛት» አለች።