በእሳት የነጻች ጽዋ

እሳት ጭቃውን ሲያነጻ፣ ጭቃውን ያበጀችውን እጅ ስለምን ሳያነጻ ቀረ? ይህን ጥያቄ ማንጠግቦሽ የተባለች የሸክላ ሠሪ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምራ በልቧ ማኅደር ተሸክማው ኖራለች። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልጅ ከባዕድ ቀንበር አርነት ለመውጣት ደሙን ያፈስሳል፤ በገዛ እጁ በወንድሙ ጫንቃ ላይ የጫነውን ቀንበር ግን የአባቶች ሥርዓት ነው ብሎ ይጠብቀዋል። በወንዝ ማዶ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪዎች ያበጁት ጋንና እንስራ፣ ማድጋና ጽዋ በእሳት ነጽቷል ተብሎ በየመኳንንቱ አዳራሽ ይገባ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ውኃ ቢለምኑ በቅል ስባሪ ይቀዳላቸዋል፣ ስባሪውም ወዲያው ይጣላል፤ ከንፈራቸው ዕቃ ያረክሳል ይባላልና።

ጠላት ሀገሩን በያዘበት በዚያ የመከራ ዘመን፣ ግራዝማች ቢያድግልኝ የተባሉ አርበኛ ክንዳቸውን ቆስለው በማንጠግቦሽ እናት በእመት ድንቄ ጎጆ ተሸሸጉ። ለጠላት ያደሩት ባንዳዎች መንደሩን ሁሉ ሲበረብሩ የሸክላ ሠሪን ደፍ መርገጥ ተጸይፈው አለፉ፤ እነሆ፣ ንቀት ጋሻ ሆነ። እመት ድንቄም ክረምቱን ሙሉ ቁስላቸውን እያጠበች፣ በገዛ ጽዋዋ እያጠጣች አስታመመቻቸው፤ እሳቸውም «እናቴ» ይሏት ነበር።

ጠላት ድል ተነሥቶ ሀገሩን በለቀቀ ጊዜ ግራዝማች የዚያው አውራጃ ገዢ ሆኑና፣ «ከእንግዲህ ሁሉም እኩል የነፃ ሀገር ልጅ ነው፤ ለግብሩ ማዕድ ይምጣ!» ብለው ነጋሪት አስጎሰሙ። እመት ድንቄ ቃሉን እንደ ቃሉ አመነች። የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ፣ ልጇን አስከትላ፣ በዕድሜዋ ረግጣው የማታውቀውን አዳራሽ ገባች።

«ዛሬስ ሸክላዋ ከነሠሪዋ መጣች!» አለ አንዱ፤ ተሳቀ። አሳላፊው ቅል ይዞ ወደ እርሷ ሲመጣ እርሷ ግን በፈገግታ አልፋው፣ ጠጅ ከተቀዳባቸው ጽዋዎች አንዷን፣ እጇ ያበጀቻትን፣ አንሥታ ጠጣች።

ግራዝማች ከመንበራቸው ተነሡ፤ ጽዋዋን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ከእጇ ተቀበሉና ከምሰሶው ጋር አላተሟት።

«ጌታዬ፣» አለች እመት ድንቄ፣ «ክረምቱን ሁሉ ከጽዋዬ አልጠጡምን?»

«ያ በጦርነት ጊዜ ነው፣ ድንቄ። አሁን ሰላም ሆኗል፤ ሁሉም ወደየቦታው ይመለስ።»

እናቲቱ እንደ ጥፋተኛ ጎንበስ ብላ ስባሪውን ትለቅም ጀመር። ማንጠግቦሽ ግን እንደ ሐውልት ደርቃ ቀረች። ያስደነገጣት የጽዋዋ መሰበር አልነበረም፤ የሰበረው ክንድ እናቷ ያሰረችው፣ ያዳነችው ያው ክንድ መሆኑና ሲሰብርም ቅንጣት ታህል አለመንቀጥቀጡ ነበር።

«ዝም በይ ልጄ፤ ወንዙን መሻገሬ ነው ጥፋቱ፤» አለቻት እናቷ በመንገድ። በገበያ ቀን ግን ልጅቱ አዲሶቹን ጽዋዎች በአደባባይ ደረደረች፤ በእያንዳንዳቸው ውኃ እየቀዳች፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ከእያንዳንዳቸው ጠጣች።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? አሁን ይህን ማን ይገዛልሻል?» ብላ ጮኸች አንዲት ወይዘሮ።

ማንጠግቦሽም አፏን በእጇ ጀርባ አብሳ፣ «እመቤቴ፣ ከእንግዲህ ያልጠጣሁበትን አልሸጥም፤» አለች፤ «ከንፈሬን የተጸየፈ እጄንም ይጸየፍ፣ በእፍኙም ይጠጣ።»