ፀጉር ታህል

የፈተናው ውጤት ሰኞ ጠዋት በማሰልጠኛው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አስራ አንድ ሰልጣኞች ተፈትነው አንድም ያለፈ የለም። የባሌ ታናሽ እህት የራሷን መስመር በጣቷ ሁለት ጊዜ ተከትላ አነበበች፤ ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ሻለቃ የምንላት ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ማዘዝ ስለምትወድ ነው፤ ዝም ስትል ታስፈራለች።

«ሐሙስ ሁለተኛ ዙር አለ» አልኳት።

«አውቃለሁ እትዬ። ማንበብ እችላለሁ።»

ሐሙስ የመጨረሻው ዕድል ነበር። የፓምፕ ፋብሪካው ስድስት የቶርኖ ሰራተኞች ይፈልጋል፤ ከእኛ ካላገኘ ከሌላ ከተማ እንደሚያመጣ በደብዳቤ አሳውቋል። ሻለቃ አስራ ስምንት ዓመት የሰራችበት የክር ፋብሪካ ከተዘጋ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ባሏ ስራ ፍለጋ ሄዶ ሩቅ ከተማ ዘበኛ ሆኗል። ካላለፈች ቤቷን ሸጣ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ እሱ መሄዷ ነው። ገዢው ቀድሞ መጥቶ ግቢውን በእርምጃ ለክቷል። እሷ ከሄደች በዚህ ከተማ የባሌን ሳቅ የሚስቅ ሰው አይኖርም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ በማሰልጠኛው ሂሳብና የቴክኒክ ስዕል አስተምራለሁ። ቶርኖ፣ ማለትም ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ማሽን፣ ያስተምር የነበረው ባሌ ነው። ካረፈ አስራ አራት ወሩ ነው። ማስታወቂያው ሦስት ጊዜ ቢወጣም በዚያ ደመወዝ ቦታውን የፈለገው አልተገኘም። ስለዚህ ነባሮቹ ሰልጣኞች አዲሶቹን ያስተምራሉ፤ ከሁሉም በላይ ሻለቃ። የምታስተምረውም ወንድሟ ያላትን ነው፤ አንድ ቃል አትጨምርም፣ አንድ ቃል አትቀንስም። እሱ በነበረ ጊዜ ከዚህ ቤት ተፈትኖ የወደቀ አልነበረም። ይህንንም በየቀኑ ትነግራቸዋለች።

ወደ ወርክሾፑ ስገባ እቃ ቤት ጠባቂው በሩ ላይ ተቀምጧል። ወገቡ ላይ በሚንጠለጠለው የቁልፍ ጥቅል የተነሳ ጋሼ ቁልፍ እንለዋለን።

«ምነው መምህርት፣ ዛሬ እንኳ ሁላችሁም ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት!» አለና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አፌ እንደ እቃ ቤቱ በር ቁልፍ የለውም።»

«ግድ የለም ጋሼ። ፈታኙ የለካበት ወረቀት እርስዎ ጋ ነው?»

«የባለ መነጽሩ? ይኸው። ያ ሰውዬ እኮ አፍንጫው ላይ ዝንብ ብታርፍ ለክቶ ነው የሚያባርራት።»

ወረቀቱን መስኮቱ ስር ቆሜ አነበብኩት። ፈተናው ውፍረቱ ሰላሳ ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ መቅረጽ ነበር። እስከ ሁለት መቶኛ ሚሊሜትር ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ያልፋል፤ ከዚያ ከወጣ ይወድቃል። 29.96፣ 29.96፣ 29.95፣ 29.97፣ 29.96። የሻለቃም 29.96። ሰዎች ሲሳሳቱ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ነው። እነዚህ ግን አስራ አንዱም ወደ አንድ ጎን፣ በአንድ ልክ ስተዋል። እንዲህ የሚስተው እጅ አይደለም፤ ትምህርት ነው።

ሻለቃ ማሽኑ ላይ ነበረች። የቀረጸችውን ዘንግ ውፍረት በአዲሱ ማይክሮሜትር ለካች፤ ከዚያ መቁረጫውን እንደገና አስጠጋች።

«ሰላሳ አልሞላም?» አልኳት።

«ሞልቷል።»

«ታዲያ ምን ትሰሪያለሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ፀጉር ታህል እቀንሳለኋ!»

«ለምን?»

«ለምን ይባላል እንዴ? እሱ አላ! ‹ብረት ሲለካ ይሸማቀቃል፣ ዞር ስትሉለት ይነፋል፤ ሰላሳ ካነበባችሁ በኋላ ፀጉር ታህል ቀንሱለት› ይል አልነበር?»

«ቀልዱን እኮ ነበር።»

«የእሱን ቀልድ ከቁም ነገሩ የምትለዪ አንቺ ብቻ ነሽ?» አለችና መንኮራኩሩን አዞረች። የብረቱ ፍቅፋቂ እንደ ክር ተጠቅልሎ ወረደ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ክፍል አለኝ ብዬ ወጣሁ። የሰኞ ክፍሌ ግን ከሰዓት በኋላ ነበር።

ቤት ገብቼ የቁም ሳጥኑን መሳቢያ ሳብኩ። የባሌ ማይክሮሜትር ጋሼ ቁልፍ ከሥራ ካፖርቱ ጋር በሰጠኝ ቀን እንዳስቀመጥኩት፣ ዘይት በነካው ጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።

ከሃያ አምስት እስከ ሃምሳ ሚሊሜትር የሚለካ ነው። ይህ ዓይነቱ ሁለት ጫፎቹ ስለማይገናኙ፣ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አብሮት በሚመጣ የሃያ አምስት ሚሊሜትር መመዘኛ ብረት ነው። በተጋባን በመጀመሪያው ወር ባሌን ልጠይቀው ወርክሾፑ ሄድኩ። ምን እንደሆነ ለማየት መለኪያውን ሳነሳው ከእጄ አመለጠ። ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ መመዘኛው ተንከባሎ ቦይ ውስጥ ገባ። ባሌ አነሳው፣ እንደ ሰዓት ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠው፤ «በሕይወት አለ» አለኝ። ማታ ቤት ሲመጣ «ፀጉር ታህል መዋሸት ጀምሯል» አለ። ሌላ እንግዛ ብለው «አመሉን ካወቅኩት ምን ቸገረኝ! አንቺስ የእኔን አመል አውቀሽ አይደል የምትኖሪው?» ብሎ አሳቀኝ።

አስራ ዘጠኝ ዓመት በማሰልጠኛው ሌላ ደህና መለኪያ አልነበረም። ሁሉም በዚያ ለኩ፤ እሱም ፀጉር ታህል ቀንሱ አላቸው። ለዚያ መለኪያ ትእዛዙ ትክክል ነበር። ሲሞት እኔ መለኪያውን ወደ ቤት ወሰድኩት፤ ማሰልጠኛው አዲስ ገዛ። ትእዛዙ ግን እዚያው ቀረ። እኔ መሳቢያ ውስጥ ባልቆልፈው ኖሮ ማንም አይወድቅም ነበር።

ይህን መናገር ማለት፣ ሰልጣኞቹ ፎቶውን ከማሽኑ በላይ የሰቀሉለት ሰው አስራ ዘጠኝ ዓመት በተበላሸ መለኪያ አስተማረ ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ማክሰኞ ሻለቃን ለብቻዋ አግኝቼ «ሐሙስ ፀጉሯን ተያት፤ ሰላሳ ላይ አቁሚ» አልኳት።

«እትዬ፣ አከብርሻለሁ። ግን በእሱ ሙያ አትግቢ። አንቺ ወረቀት ነሽ፣ እሱ ብረት ነው። የወደቅኩት ትንሽ አብዝቼ ቀንሼ ነው፤ እጄን አሳንሳለሁ።»

እጇን የምታሳንሰው በስንት እንደሆነ አታውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።

ረቡዕ ፈታኙ ማሽኖቹን ሊያይ ሲመጣ ጨርቁን በቦርሳዬ ይዤ ገባሁ። አስራ አንዱም ሰልጣኞች እዚያው ነበሩ።

«ይህን ይመዝኑልኛል?» አልኩት።

ከሳጥኑ መመዘኛ አውጥቶ በሁለቱ ጫፎች መካከል አስገባ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፤ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«24.96። አራት መቶኛ አሳንሶ ያነባል። የማን ነው?»

ሻለቃ ማሽኗን አጠፋች። «የወንድሜ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ልትዪ ነው? ወንድሜ ውሸት አስተማረን ልትዪ ነው?»

«በዚህ ስትለኪ ፀጉሯ ልክ ነበረች። በአዲሱ ስትለኪ ግን ትርፍ ናት። እሱ አልዋሸም፤ መለኪያውን ወደ ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ወድቆ እኮ ነው» አለ ጋሼ ቁልፍ ከበሩ። «ራሱ ነግሮኛል። ‹ከእጄ አምልጦኝ ጣልኩት› ብሎኝ፣ መመዘኛዋን ፍለጋ ሁለታችንም ክንዳችንን ቦይ ውስጥ ነክረን ዋልን። ሚስትህ እንኳ እንዲህ አታስደነግጥህም ብዬ ቀልጄበታለሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር። በዚያው ብተወው ይበቃ ነበር፤ ሻለቃም ፊቷን ወደ ማሽኑ መልሳ ነበር።

«እሱ አይደለም የጣለው» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ጋሼ ቁልፍ ቁልፎቹን በእጁ ያዘ፤ እንዳይንኳኩ ይመስላል። ሻለቃ እጇን በጨርቅ ጣት በጣት ጠረገች።

«ሰኞ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሰኞ! ማክሰኞም ፀጉሯን ተያት፣ ምንትስ እያልሽ ዙሪያዬን ዞርሽኝ። የቤቱ ገዢ ትላንት ምስክሮቹን ይዞ መጥቶ፣ ሐሙስ ማታ ና ብዬዋለሁ። ለእኔ መናገር ይህን ያህል ከበደሽ?»

መለኪያውን ተቀብዬ በጨርቁ መልሼ ጠቀለልኩት። ፈታኙ ጉሮሮውን ጠረገና «ነገ በሦስት ሰዓት እንጀምራለን» ብሎ ሳጥኑን ዘጋ።

ሐሙስ ሻለቃ አራተኛ ተራ ደረሳት። በመስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ብረቱን አሰረች፣ ማሽኑን አስነሳች፤ ዘንጉ እየሳሳ፣ እያበራ ሄደ። አቁማ ለካች። እንደገና ትንሽ ቆረጠች፤ አቁማ ለካች። ሰላሳ መሙላቱን ከትከሻዋ አወቅኩ። ቀኝ እጇ ግን ሳታዝዘው ወደ መንኮራኩሩ ተመልሶ ያዘው። ለረጅም ጊዜ ያዘው። ቀና ብላ ፎቶውን አየች።

«ዝም በል» አለችው።

እጇን አነሳች። ፈታኙ ዘንጉን ፈትቶ ለካው። «29.99» ብሎ ጻፈ፤ «አልፈዋል።» እሷ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከአስራ አንዱ ሰባት አለፉ፤ ለፋብሪካው ከተመረጡት ስድስቱ ውስጥ ስሟ ሁለተኛ ነበር።

ሁሉም ሲወጣ ፈታኙ ወደ እኔ መጣ። «ያ መለኪያዎ፣ እንዲህ ሆኖ ወርክሾፕ ውስጥ መቆየት አይችልም። ወይ ይስተካከላል፣ ወይ ወደ ቤትዎ ይመልሱታል።»

ወደ ቤት እወስደዋለሁ ልል አፌን ስከፍት ሻለቃ ከእጄ ወሰደችው።

«ያስተካክሉልን» አለች።

መመዘኛውን አስገባ፤ ከሳጥኑ ጣት የማታክል ቆልማማ መፍቻ አወጣና የመለኪያውን እጅጌ ትንሽ አዞረ። ዞረ ለማለት እንኳ አይመችም። «አለቀ» አለ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። እንዲህ ያለች መፍቻ በባሌ የእቃ ሳጥን ውስጥ አለች፤ ምን እንደምትሰራ ጠይቄው አላውቅም። መመዘኛውንም ቢሆን ቢጠይቅ የፓምፕ ፋብሪካው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያውሰው ነበር።

ጋሼ ቁልፍ መለኪያውን ተቀብሎ የእቃ ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ለእኔ ጨርቁን መለሰልኝ።

ሻለቃ በር ላይ ጠበቀችኝ። አላየችኝም፤ መንገዱን እያየች ነበር። «ነይ። የቤቱ ገዢ እየመጣ ነው። ብቻዬን ካገኘኝ እሰድበዋለሁ።»

አብረን ሄድን። ተዘግቶ የቀረውን የክር ፋብሪካ አጥር ስንጨርስ ቆመች።

«እትዬ፣ የአንድ ደቂቃ ስራ ከሆነ፣ ለምን አላስተካከለውም?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ትዋሻለሽ» አለች። መንገዷን ቀጠለች፤ እኔም «አመሉን ካወቅኩት ምን ቸገረኝ» ያለኝን ለራሴ ይዤ ተከተልኳት።

ገዢው በሯ ላይ ቆሟል፤ ሁለት ምስክሮቹ አጥሩን ተደግፈዋል። ሻለቃ ገና ከሩቅ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ወንድሜ፣ እግርህን በከንቱ አደከምክ! የለካኸውን ግቢ እርሳው!»