የገልገሎ ፀጉር

ደስታነሽ ሽማግሌውን ከሩቅ እንዳየች ልጁን ከመሬት ብድግ አድርጋ አዘለችው። ቦንቦሊኖው ዘይት ውስጥ ነበር፤ አንድ ጎኑ ሲጠቁር እያየች አላገላበጠችውም። የነጠላዋን ጫፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ ቋጠረችና የሻይ ቤቷ በር ላይ ቆመች።

ሽማግሌው ከአሬሮ ከብት ጭኖ ከመጣው ካሚዮን ወርደው፣ በትራቸውን ይዘው መንገዱን ያቋርጣሉ። የባሏ የሶራ አባት ናቸው። ስማቸው ሁቃ ነው፤ ምራት የአማቷን ስም አትጠራምና እሷ አባ ሶራ ትላቸዋለች። ደስታነሽ የነገሌ ልጅ ናት። አባቷ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ ቀረ። ኦሮምኛ ከአማርኛ እኩል አፏን የፈታችበት ስለሆነ ከአማቷ ጋር ስታወራ አስተርጓሚ አያሻትም።

«ናጋ?» አሉ ሽማግሌው።

«ናጋ፣ አባ ሶራ። እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ።»

«ምነው አዘልሽው? ይሄን ያህል ልጅ በእግሩ ይሂድ እንጂ።»

«ዘይቱ እንዳያቃጥለው ብዬ ነው።»

ሽማግሌው ዘይቱን አዩ፣ እሷንም አዩ። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ልጁ ገልገሎ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከተወለደ ምላጭም መቀስም ነክቶት አያውቅም። ፀጉሩ ጆሮውን አልፎ አንገቱ ላይ ወርዷል፤ ሻይ ሊጠጣ የገባ መንገደኛ ሁሉ «ይቺ ቆንጆ ማን ትባላለች?» እያለ ይጠይቃታል። ከእሱ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሴቷን ኩፍኝ ወሰዳት፤ ወንዱ ለክርስትና እንኳ አልደረሰም። ይሄኛውን ስትፀንስ ገብርኤል ደጅ ላይ ተንበርክካ፣ «ዕድሜ ስጠው እንጂ ሁለት ዓመት ሲሆነው በክብረ በዓልህ ቀን ደጅህ ላይ አስላጨዋለሁ» ብላ ተሳለች። ቀኑ ነገ ነው፤ የታኅሣሥ ገብርኤል።

በቦረና ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። ገዳውን የያዙት አባቶች ልጆች ደበሌ ይባላሉ። ደበሌ አይመታም፣ አይቆጡትም፣ ፀጉሩም አይቆረጥም። ሥርዓቱ ደርሶ ከእኩዮቹ ጋር እስኪላጭ ድረስ ፀጉሩን እንደ ሴት ልጅ ያሳድጋል። ሶራ ከተማ ገብቶ የካሚዮን ረዳት ቢሆንም ትውልዱ ከእነዚያው ነው። ሥርዓቱ እስኪደርስ ገልገሎ ፊደል ቆጥሮ ይጨርሳል።

ይህን ነገር እጨርሳለሁ ያለው ሶራ ነበር። በቀደም አሬሮ ደርሶ ሲመለስ፣ «አባቴ እሺ ብሏል፤ አስላጪው» አላት። አመነችው። ታዲያ ሽማግሌው ዛሬ ምን አመጣቸው?

ወተቱን በዛ አድርጋ ሻይ ቀዳችላቸው።

«መልካም አደረግሽ፣ ኢንታላ» አሉ ፉት ብለው። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ምኑን?»

«ፀጉሩን መጠበቅሽን ነዋ። ሶራ ነግሮኛል። ‹ሚስቴ ተስማምታለች፣ ስለቷን በጧፍና በዕጣን ትለውጣለች› አለኝ። የከተማ ሴት እንዲህ ታስተውላለች ብዬ አልጠበቅሁም። በአፌ ላመስግናት ብዬ መጣሁ።»

ደስታነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«እንደዚያ አለዎት?»

«ዓይኔን እያየ።»

«ለእኔ እኮ እርስዎ እሺ እንዳሉ ነው የነገረኝ። ነገ ይላጫል። ለቄሱም ተናግሬአለሁ።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። ውጭ አንድ አህያ ጮኸች። ሶራ በሁለት ቢላዋ ሲበላ ከርሟል፤ አሁን ሁለቱም ቢላዋዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተገናኙ።

«መቼ ነው የሚመለሰው?» አሉ ሽማግሌው።

«ትናንት ነበር የቀጠረኝ። ከአገረ ማርያም ቡና ሊጭኑ ሄደዋል።»

«እጠብቀዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ደስታነሽ መቀመጥ አቃታት። ጥሩንባ በሰማች ቁጥር ትወጣለች፤ አቧራውን አይታ ትመለሳለች። ስኳር ሁለቴ ጨምራበት አንድ ዘበኛ ሻዩን መለሰባት። ልጁ «አውርጂኝ» እያለ ጀርባዋን በጉልበቱ ይመታል፤ አታወርደውም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «ወደ እኔ ይምጣ» ሲሉ፣ «ሊተኛ ነው» ትላለች። የልጁ ዓይን ግን ፈጧል።

ጎረቤቷ ቀድሪያ ከሱቋ መጣች። ጨውና ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ አፏም እንደ ሚዛኗ አያርፍም። የጠቆሩትን ቦንቦሊኖዎች አየች።

«ዛሬ ከሰል መሸጥ ጀመርሽ እንዴ?»

«ተዪኝ እባክሽ፣ ቀድሪያ።»

«እኛ በሰባተኛው ቀን ላጭተን እንገላገላለን። እናንተ ፀጉር ታሳድጋላችሁ፤ ከፀጉሩ ጋር ነገር ያድጋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይወስዱብኛል ብለሽ ነው አዝለሽ የምትዞሪው?»

«የአሬሮው ካሚዮን ማታ ይመለሳል።»

«ሂጂ ወዲያ! ሽማግሌ ልጅ ይሰርቃል?»

«የልጅ ልጃቸው ነው። የራሱን የሚወስድ ሰው ሰረቅሁ አይልም።»

ቀድሪያ ሽማግሌውን ገልመጥ አድርጋ አየቻቸው። ዓይናቸው የልጁ ፀጉር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሶራ የሚሠራበት የሰማታር ካሚዮን፣ ትሬንታ ኳትሮው፣ እያቃሰተ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ደስታነሽ ሮጣ ወጣች። ሰማታር ብቻውን ወረደ። ወፍራም፣ ላብ የማያጣው ሾፌር ነው፤ መዋሸት አይችልበትም።

«ሶራስ?»

«ሶራ? ሶራማ ሆዱን አመመው። ወረደ።»

«የት ወረደ?»

«መንገድ ላይ።»

«መንገዱ ከአገረ ማርያም እስከዚህ ነው፣ ሰማታር። የቱ ላይ?»

ሰማታር ፊቱን በጨርቅ ጠረገ። አሻግሮ ሽማግሌውን አየ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸው።

«ኬላው ጋ ነው እቴ። ጠባቂው ‹አባትህ ጧት ከአሬሮ ገብተዋል› ሲለው ወዲያው ሆዱን አመመው። እኔን አታስገቡኝ። ቡናዬን ላራግፍ።»

ደስታነሽ ከምድጃው እንጨቱን አወጣች። «ቀድሪያ፣ ቤቱን እዪልኝ» ብላ መንገድ ጀመረች። ከኋላዋ የበትር ድምፅ ሰማች። ሽማግሌው ተነሥተዋል።

«ይረፉ እንጂ አባ ሶራ። እኔ እጠራዋለሁ።»

«ለሁለታችንም ነው የዋሸው። ሁለታችንም እንሄዳለን።»

መንገዱ ቀይ አቧራ ነው። ነፋሱ ከሊበን ሜዳ ይነሣል፤ በበጋ ማቆሚያ የለውም። ሽማግሌው ፊት ፊት ሄዱ። ገልገሎ ከእናቱ ትከሻ በላይ እጁን እያወዛወዘ «አካኮ፣ አካኮ» እያለ አያቱን ይጣራል። አንድም ጊዜ ዞረው ሊቀበሏት አልሞከሩም። ይህን ልብ አለች፤ ቋጠሮውን ግን አላላላችም።

ሶራ ከኬላው አጠገብ ግራር ሥር ከጠባቂው ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታል። ቀና ሲል ሚስቱንና አባቱን ጎን ለጎን አየ። ብድግ ሲል ቆርኪው ተበተነ።

«አባ! መቼ መጡ?»

«አንተ ስትደበቅ።»

«ሆድህን ተሻለህ?» አለች ደስታነሽ።

ጠባቂው ቆርኪዎቹን ሳይለቅም «አጥሩን ልይ» ብሎ ራቅ አለ። የሚታይ አጥር አልነበረም።

«እንዳትጣሉ ብዬ ነው» አለ ሶራ።

«መች ተጣላን?» አሉ ሽማግሌው። «ይኸው አብረን መጣን። አንተ አባት ነህ። አሁን በፊታችን ተናገር። ነገ ይላጫል ወይስ አይላጭም?»

ሶራ አባቱን አየ። ሚስቱን አየ። የልጁን እግር ያዝ አድርጎ ለቀቀው።

«እናንተ የተስማማችሁበትን እኔ...»

«ተወው» አለች ደስታነሽ።

ያን ጊዜ ገባት። ሌሊቱን ሙሉ የጠበቀችው ሰው ይህ ነበር። እሱ ቢመጣ ነገሩ ያልቃል ብላ ነበር፤ መጥቶም አላለቀም። ፊቷን ወደ ሽማግሌው መለሰች።

«አባ ሶራ፣ እርስዎ እሺ ቢሉኝስ?»

«እሺ ካልሁ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። የገዳው ጉባኤ ላይ ከደበሌዎቹ ጋር ቆጥሬዋለሁ። ነገ ‹የሁቃ የልጅ ልጅ የታለ?› ቢሉኝ ምን እላለሁ? ሌላ ወንድ የለኝም።»

«እኔም ብተወውና አንድ ነገር ቢሆን የገደልሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጉድጓድ አሳይተውኛል። ሦስተኛውን ማየት አልችልም።»

ሽማግሌው በበትራቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ።

«የሴቷን ሰምቻለሁ። ወንድም ነበር?»

ደስታነሽ ሶራን አየችው። ሶራ መሬት መሬት አየ። ለአባቱ አልነገራቸውም ነበር።

«ነበር» አለች። «ስም አልወጣለትም።»

ገልገሎ ደክሞት ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ ፀጉሩ አንገቷን በላት። ደስታነሽ ሸክሟን አስተካከለች።

«ነገ ይላጫል» አለች። «እርስዎ እሺ አላሉም፣ ሶራም አላለም። እኔ ነኝ ያልሁት። ጉባኤው ከጠየቀዎት ‹እናቱ ናት› ይበሉ።»

ሶራ ቀና ብሎ አባቱን ጠበቀ። ቁጣ የጠበቀ ይመስላል። ሽማግሌው አልተቆጡም። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«የደበሌን እናት አይቆጧትም። ሕጉ እሱንም ይላል» አሉ። «ሰማሁ። ግን ዛሬ ገና ደበሌ ነው።»

«አዎ።»

«ከብት ገበያው አጠገብ ከአሬሮ የመጡ ሰዎች ሰፍረዋል። ሴቶች አሉ። ልጅ የሞተባቸውም፣ ያልወለዱም። ደበሌ እጁን ጭኖ እንዲመርቃቸው ይፈልጋሉ። ‹የልጅ ልጄን አመጣላችኋለሁ› ብያቸው ነው ከካሚዮኑ የወረድሁት። ለዛሬ ማታ ስጪኝ።»

ደስታነሽ ያን ቦታ ታውቀዋለች። የአሬሮው ካሚዮን የሚጭነው ከዚያ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ይነሣል። አሬሮ ከደረሰ በኋላ፣ ልጁን ማን ይመልሳል? የትኛው ዳኛ? ባሏ ነው የሚመልሰው? የነጠላዋን ቋጠሮ ጨበጠች።

«እኔ አብሬያቸው ልሂድ» አለ ሶራ ፈጠን ብሎ። «ጧት ይዤው እመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

«አንተ ዳማህን ጨርስ።»

ሽማግሌው በሶራ አልሣቁም። እሷን ብቻ ያያሉ። እጃቸውን አልዘረጉም።

«እኔም ልምጣ?» አለቻቸው።

«ነይ ከፈለግሽ። እናቱ ከኋላው ቆማ እንደ ሌባ የምትጠብቀውን ልጅ ግን ‹መርቀን› አይሉትም። ያፍራሉ።»

እውነታቸውን ነው። ራሷም ገብርኤል ደጅ ላይ ስትንበረከክ ማንም ቆሞ እንዲያያት አልፈለገችም ነበር። የእነዚያን ሴቶች ፊት አላየችውም፤ ግን ታውቀዋለች። ሲነጋ ውኃ ስትቀዳ ጉድጓዱ ውስጥ የምታየው የራሷ ፊት ነበር።

«ቅዳሴ ከመውጣቱ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እሆናለሁ» አለች።

«እኔ ግቢው አልገባም። ሲላጭም አላይም።»

«አይግቡ።»

«በሩ ድረስ አመጣዋለሁ።»

«ማሉልኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ሶራ ስንት ጊዜ ማለላት። አፏን መልሳ ዘጋች።

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ልጁ በጀርባዋ ተንሸራቶ ወረደ፤ ከጧት ጀምሮ መሬት ስላልነካ እግሩ ተብረከረከ፣ ከዚያ ወደ አያቱ ሮጠ። ነጠላውን አጥፋ ለሽማግሌው አቀበለች።

«ማታ ነፋስ አለ» አለች። «ካልሸፈኑት ያስለዋል። ሲተኛ ደግሞ በቀኝ ጎኑ ነው።»